ድምፅን በዓይን ለማየት የትኛው ኦሲሎስኮፕ ይበጃል?

ኦሲሎስኮፕ የኤሌክትሪክ ምልክትን ቅርጽ ስክሪን ላይ በሞገድ የሚስል መሣሪያ ነው። ሊገዛው የሚያስስ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የሜጋ ኸርዙ ቁጥር ላይ ነው፤ ይህም መሣሪያው ሊያሳይ የሚችለው ከፍተኛ ድግግሞሽ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ነው። 50፣ 100፣ 200። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋውም አብሮ ከፍ ይላል። ሥራችሁ ድምፅ ከሆነ ግን ለዚህ ቁጥር ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩ። ጆሯችን የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን ነው። 20,000 ኸርዝ ማለት 0.02 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ነው። ተራ የሚባለው ባለ 20 ሜጋ ኸርዝ ኦሲሎስኮፕ እንኳ ከዚህ 1,000 እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይዋል? ይህ የሚወሰነው ማየት በምትፈልጉት ነገር ነው። አንዱ የመሰንቆንና የዋሽንትን የሞገድ ልዩነት ለተማሪዎቹ ማሳየት ይፈልጋል። ሌላው የሚያጉረመርም አምፕሊፋየር ይጠግናል። ሦስተኛው ሙዚቃው መድረክ ላይ በብርሃን ሲሳል ማየት ይሻል። ለሦስቱም አንድ መሣሪያ ግዙ ብሎ መምከር አይቻልም። እኔ ግን ለሁሉም የምለው አንድ ነገር አለ፤ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ያለውን ላፕቶፕ ሞክሩ።

ላፕቶፕና ሳውንድ ካርድ

ቤታችሁ ወይም ስቱዲዮአችሁ ውስጥ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክ የሚሰካበት የውጭ ሳውንድ ካርድ) ካለ ግማሹ ኦሲሎስኮፕ እጃችሁ ላይ ነው። ለምሳሌ ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲ ሁለት መግቢያ አለው። በ24 ቢት ይሠራል (ቢት ሲበዛ የሞገዱ ከፍታ በደቀቀ ደረጃ ይለካል)፤ በሰከንድ እስከ 192,000 ናሙና ይወስዳል፤ ማለትም ሞገዱን ያን ያህል ጊዜ ይለካል። ማይክ በቀጥታ ይቀበላል፤ ለኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገውን 48 ቮልትም ይሰጣል። ይህን የትኛውም የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ አያደርግላችሁም።

ሶፍትዌሩም በነፃ ይገኛል። ኦዳሲቲ የቀዳችሁትን ድምፅ እያሰፋ እስከ እያንዳንዷ ናሙና ድረስ ያሳያል። ሩም ኢኪው ዊዛርድ ውስጥ ኦሲሎስኮፕም የድግግሞሽ መተንተኛም አለ። ዊንዶውስ ለሚጠቀም ቪዥዋል አናላይዘር ወይም ሳውንድካርድ ስኮፕ ጥሩ ናቸው። ሞገዱ በሚንቀሳቀስበት ቅጽበት ያሳያሉ።

ለመምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ማይኩን ዋሽንት ፊት አስቀምጡት። ዋሽንቱ ለስለስ ተደርጎ ሲነፋ ወደ ንጹሕ ሳይን ሞገድ የተጠጋ ክብ ክብ ቅርጽ ታያላችሁ። ቀጥሎ መሰንቆ ይምጣ። የመሰንቆው ጭራ በደጋን ሲገዘገዝ እየተያዘ እየተለቀቀ ስለሚሄድ የንዝረቱ መሠረት የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ቆዳውና የእንጨት ገላው ቅርጹን ይለውጡታል፤ ቢሆንም ሹል ጠርዞቹ ይታያሉ። ኖታው አንድ ሆኖ መልኩ ለምን እንደሚለያይ ተማሪው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባዋል። ክራር ላይ ደግሞ ክሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ እንዴት እየቀነሰ እንደሚሄድ በአንድ እይታ ይያዛል።

ድክመቱንም እወቁት። ሳውንድ ካርድ ቀጥታ ኤሌክትሪክን (ዲሲ) ያግዳል። ባትሪ ብትሰኩበት ዜሮ ነው የሚያሳየው። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ስኩዌር ሞገድ ስትሰጡት ጠፍጣፋው ጣሪያ ዘመም ብሎ ይወጣል። ይህ የካርዱ ጠባይ እንጂ የድምፁ አይደለም። ቮልቱም አልተለካም። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ከፍታ ስንት ቮልት እንደሆነ ለማወቅ ራሳችሁ በሚታወቅ ምልክት ማስተካከል አለባችሁ። የላፕቶፑ የራሱ የማይክ ቀዳዳም ለዚህ ሥራ አይመችም። ብዙውን ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ነው፤ ከሚክሰር የሚመጣ ምልክት ሲገባበት የሞገዱን ጫፍ ቶሎ ይቆርጣል።

ስልክ ላይ የሚጫኑ የኦሲሎስኮፕ አፖችን ለመዝናኛ ካልሆነ አልመክርም። የብዙ ስልኮች ማይክ ድምፁን ራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ጫጫታም ያጣራል። የምታዩት ስልኩ ያስተካከለውን ነው።

ዲኤስኦ138፦ ትንሹ ኪት

በርካሽነቱ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ይህ ነው። ተገጣጥሞም፣ ራሳችሁ እንድትበይዱት በቁርጥራጭም ይሸጣል። ውጭ አገር ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዶላር ይገኛል። ስክሪኑ 2.4 ኢንች ነው። አንድ ቻናል ብቻ አለው። እስከ 200 ኪሎ ኸርዝ ያሳያል፤ ለድምፅ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ችግሩ የማስታወሻው (ሜሞሪው) ማነስ ነው። አንድ ጊዜ የሚይዘው 1,024 ነጥብ ብቻ ነው። የመሰንቆን ሁለት ሦስት ዙር ለማየት ይህ ይበቃል። አንድ ሰከንድ የሚፈጅ ንግግር በሙሉ ልያዝ ካላችሁ ግን 1,024 ነጥብ ለአንድ ሰከንድ ይከፋፈላል፤ ከ512 ኸርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይምታታል። ስክሪኑ ላይ በእውነት የሌለ ሞገድ ይመጣል። ጀማሪን በጣም የሚያሳስት ይህ ነው። በየትኛውም ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ላይ የማታምኑት ቅርጽ ስታዩ የጊዜውን ማስተካከያ ፈጠን አድርጉት። ቅርጹ ጨርሶ ሌላ ከሆነ የፊተኛው ውሸት ነበር።

አንድ ቻናል መሆኑ ሌላም ነገር ይነፍጋል። ግራና ቀኝ አብሮ ማየት አይቻልም። ሲበየድ ግን ብዙ ያስተምራል። በ9 ቮልት ባትሪ መሥራቱም ከታች የማነሳው የስፒከር ጉዳይ ላይ ዋጋ አለው። ለተማሪ ስጦታ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ለስቱዲዮ ግን አይሆንም።

ዩኤስቢ ኦሲሎስኮፕ

ሃንቴክ 6022ቢኢ እና ፒኮስኮፕ 2204ኤ በዚህ መደብ ይታወቃሉ። ሁለቱም ባለ ሁለት ቻናል ናቸው፤ ስክሪናቸው የእናንተ ላፕቶፕ ነው። ሁለቱም 8 ቢት ናቸው። የፒኮ ሶፍትዌር በጣም የተስተካከለ ነው፤ ከሃንቴኩ የሚለይበትም እዚያ ላይ ነው። ለድምፅ ብቻ ከሆነ ግን 24 ቢት ኦዲዮ ኢንተርፌስ እያላችሁ ይህን መጨመር ብዙም አይጠቅማችሁም። የሚጠቅመው ቮልት በትክክል ለመለካትና ቀጥታ ኤሌክትሪክ ለማየት ነው። ጠረጴዛው ጠባብ ለሆነበት ጠጋኝ ይሆናል።

የድሮው አናሎግ

የብራውን ቱቦ ያለው፣ አረንጓዴ መስመር የሚስለው ከባድ ሳጥን። ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ቱቦውን የሠራው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የምታገኙት ያገለገለውን ነው። ሂታቺ ቪ-212 እና ሃሜግ ኤችኤም203 ባለ 20 ሜጋ ኸርዝና ባለ ሁለት ቻናል ናቸው። ከ1970ዎቹ የመጣው ቴክትሮኒክስ 465 ደግሞ 100 ሜጋ ኸርዝ ይደርሳል። ለድምፅ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በደንብ ይበቃሉ።

አናሎግን የምወደው በአንድ ምክንያት ነው። ድምፅን ከእሱ በላይ በሕይወት የሚያሳይ የለም። በቱቦው ውስጥ ወደ ስክሪኑ የሚወረወረው የኤሌክትሮን ጨረር ድምፁን እግር በእግር ይከተላል። በሰከንድ ስንት ናሙና የሚባል ጥያቄ የለም፤ የተምታታ ሞገድም የለም። ሞገዱ ደጋግሞ የሚያልፍበት ቦታ ደምቆ፣ አልፎ አልፎ የሚነካው ፈዝዞ ይታያል። የከበሮ ምት ሲመጣ መስመሩ ዘሎ ሲመለስ የሚተወው ብርሃን ቀስ ብሎ ይጠፋል።

ጉልበቱ በይበልጥ የሚወጣው ኤክስ-ዋይ በሚባለው አሠራር ላይ ነው። የግራውን ቻናል ወደ አግድም፣ የቀኙን ወደ ላይና ታች ትሰጡታላችሁ። ጊዜ ከሥዕሉ ይወጣል። ሁለቱ ቻናሎች አንድ ዓይነት ድምፅ ከያዙ ወደ ቀኝ የሚወጣ የ45 ዲግሪ መስመር ይሳላል። የአንዱ ገመድ ዋልታ ከተገለበጠ መስመሩ ወደ ግራ ይዞራል። የስቱዲዮ ሰው ይህን በአንድ ሰከንድ ያየዋል፤ ሚክሱ በሞኖ ሲሰማ ለምን እንደሚሳሳ ያውቃል። ሰፊ ስቴሪዮ ደግሞ የተበተበ ክር ይመስላል። ሁለት ንጹሕ ቃና በ2 ለ3 ብትሰጡት፣ በሙዚቃ አምስተኛ የሚባለው ርቀት ማለት ነው፣ የተቆላለፈ ቀለበት ይቆማል። ማስተካከያው ትንሽ ካነሰ ቀለበቱ ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል። ጆሮ ገና ያልጠረጠረውን ዓይን ይይዛል።

መድረክ ላይ በድምፅ ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች አናሎግ የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ብዙ ዲጂታል መሣሪያዎች ኤክስ-ዋይ ቢኖራቸውም የሚስሉት በነጥብ ነው፤ የብርሃኑ ልስላሴ አይገኝም። ከኮምፒውተር ሥዕል በድምፅ እየላካችሁ መሥራት ካሰባችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። አብዛኞቹ ሳውንድ ካርዶች መውጫቸው ላይም ቀጥታ ኤሌክትሪክን ያግዳሉ። ስለዚህ ሥዕሉ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ መቆም አይችልም።

ጉድለቱም ብዙ ነው። ሥዕሉን አያስቀምጥም። አንዴ ብቻ የሚመጣ ድምፅ፣ ለምሳሌ አንዲት ጭብጨባ፣ ብልጭ ብሎ ያመልጣል። ድግግሞሽ አይተነትንም። ክብደቱም ቀላል አይደለም። ኤክስ-ዋይ ላይ አድርጋችሁ ድምፁ ሲቆም ደግሞ መሃል ላይ አንድ ደማቅ ነጥብ ይቀራል። ነጥቡ ስክሪኑን የሚያበራውን ሽፋን፣ ፎስፈሩን፣ ያቃጥላል፤ ጠባሳው አይለቅም። ሙዚቃው ከመቆሙ በፊት ብርሃኑን ቀንሱ።

ዲጂታል የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ

ለጥገና ሥራ ያለ ጥርጥር ይህ ነው። ሦስት መሣሪያ ላወዳድር። ሪጎል ዲኤስ1054ዜድ አራት ቻናል፣ 50 ሜጋ ኸርዝ፣ 8 ቢት ነው፤ 12 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ሲግለንት ኤስዲኤስ1104ኤክስ-ኢ አራት ቻናል፣ 100 ሜጋ ኸርዝ፣ እሱም 8 ቢት ነው፤ 14 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ሪጎል ዲኤችኦ804 አራት ቻናል፣ 70 ሜጋ ኸርዝ፣ 12 ቢት ነው፤ 25 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ዋጋቸው ውጭ አገር ከ300 እስከ 500 ዶላር አካባቢ ይዞራል።

ለድምፅ ዋናው ቁጥር ቢቱ ነው። 8 ቢት ማለት ከታች እስከ ላይ 256 ደረጃ ነው። 12 ቢት 4,096 ደረጃ ነው። ስክሪን ሞልቶ የሚታይ ሞገድ ላይ ልዩነቱን ዓይን ብዙም አይለየውም። የበገናን ድምፅ ከምቱ እስኪጠፋ ይዛችሁ የድምፁን መጨረሻ ስታሰፉት ግን 8 ቢቱ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሰበራል። 12 ቢቱ ቅርጹን ይጠብቃል። ስለዚህ ከሦስቱ ለድምፅ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ዲኤችኦ804ን እወስዳለሁ። በዩኤስቢ-ሲ ገመድ ነው የሚሠራው። መመሪያው የሚጠይቀውን ቮልትና አምፔር የሚችል ፓወር ባንክ ካላችሁ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም።

የድግግሞሽ ትንተና ላይ ሲግለንቱ ጠንካራ ነው። እስከ 1 ሚሊዮን ነጥብ ወስዶ ይተነትናል፤ ተቀራራቢ ድግግሞሾችን ለይቶ ያሳያል። ሆኖም ከ1 በመቶ በታች ያለ መዛባት (ዲስቶርሽን) ለመለካት ከፈለጋችሁ 8 ቢት መሣሪያ ላይ አትደገፉ። እዚህ ላይ ተራው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይበልጠዋል። የሞገዱን ቅርጽ በዓይን አይቶ 1 በመቶ መዛባትን መለየት አይቻልም።

ዲኤስ1054ዜድ ከሦስቱ የቆየው ነው። ሥራውን ይሠራል፤ መመሪያም ምክርም በየቦታው ይገኝለታል። ማራገቢያው ግን ይጮኻል። ማይክ ተከፍቶ በሚቀረጽበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት።

ዲጂታሎቹ ለጠጋኝ የሚሰጡት ሌላ ትልቅ ነገር የትሪገሩ ምርጫ ነው። ትሪገር ማለት ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ቆሞ እንዲታይ የሚያደርገው ክፍል ነው። ሞገዱ እናንተ የመረጣችሁትን ቮልት ሲያልፍ ጠብቆ ሥዕሉን ከዚያ ይጀምራል። ዋሽንት ላይ ይህ ቀላል ነው፤ ሞገዱ ወደ ላይ ሲወጣ በአንድ ዙር አንዴ ብቻ ያልፈዋል። በገና ላይ ግን እንዝራው (ከክሩ ሥር የሚገባው የቆዳ ቁራጭ) የሚፈጥረው ነዛሪ ድምፅ ሞገዱን በጥቃቅን እጥፋት ይሞላዋል። በአንድ ዙር ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ሥዕሉ ይዘላል፤ ይደራረባል። መድኃኒቱ ሆልድኦፍ የሚባለው ማስተካከያ ነው። ክሩ 100 ኸርዝ ቢሆን አንድ ዙሩ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሆልድኦፉን ወደ 9 ሚሊ ሰከንድ ስታመጡት መሣሪያው በመሃል ያሉትን እጥፋቶች ይዘላቸዋል፤ ሥዕሉ ቀጥ ይላል። ኤልኤፍ ሪጄክት የሚለውን ግን ለድምፅ አትምረጡት። በብዙ ዲጂታል መሣሪያዎች ከአሥር ሺዎች ኸርዝ በታች ያለውን ከትሪገሩ ስለሚያስወጣ ድምፃችሁን ጨርሶ አያገኘውም።

ለሚያጉረመርም አምፕሊፋየር ደግሞ፣ መሣሪያችሁ ምርጫው ካለው፣ የትሪገሩን ምንጭ ወደ መብራት መስመር አዙሩት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው ስክሪኑ ላይ ከቆመ ከመብራቱ የመጣ ነው። ዙሩ 20 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ግራውንድና ገመድ ላይ ፈልጉ። 10 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ የኃይል ክፍሉን የማጣሪያ ካፓሲተሮች ጠርጥሩ።

ከመሰካታችሁ በፊት

ማይክ በቀጥታ ኦሲሎስኮፕ ላይ አይሰካም። ከዳይናሚክ ማይክ የሚወጣው ጥቂት ሚሊ ቮልት ነው፤ የምታዩት የወፈረ መስመር ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ሚክሰር ውስጥ ይግባ። ከባለሙያ ሚክሰር የሚወጣው መደበኛ ምልክት ከጫፍ ጫፍ 3.5 ቮልት ገደማ ነው። የስክሪኑን አንድ ካሬ 0.5 ቮልት ላይ ብታደርጉት ስክሪኑን በደንብ ይሞላል። ከቤት ቴፕና ዲቪዲ የሚወጣው 0.9 ቮልት ገደማ ስለሆነ 0.2 ላይ አድርጉት። ጊዜውን በካሬ 1 ሚሊ ሰከንድ ላይ ስታደርጉ የ440 ኸርዝ ቃና አራት ዙር ከትንሽ ያሳያል። ጥሩ መነሻ ነው።

የስፒከር መውጫ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ይህን የምጽፈው መሣሪያም ሰውም የሚጎዳበት ስለሆነ ነው። 8 ኦም ስፒከር ላይ 100 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ከጫፍ ጫፍ 80 ቮልት ያወጣል። ሳውንድ ካርድ ላይ በቀጥታ ከገባ ያቃጥለዋል። በ100 ኪሎ ኦምና በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስትከፋፍሉት ወደ 0.8 ቮልት ይወርዳል። ለኦሲሎስኮፕ ደግሞ ፕሮቡን (የመለኪያ ገመዱን) 10 እጥፍ የሚለው ላይ አድርጉት።

ከዚህ የሚከፋው ብሪጅ አምፕሊፋየር ነው። የመኪና ቴፖችና ብዙ አዳዲስ ትናንሽ አምፕሊፋየሮች እንዲህ ናቸው። ከሁለቱ የስፒከር ጫፎች አንዱም ግራውንድ አይደለም። የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ የፕሮቡ ጥቁር መቆንጠጫ በመብራት ገመዱ በኩል ከምድር ጋር የተያያዘ ነው። አምፕሊፋየሩም በሆነ መንገድ ከምድር ጋር ከተገናኘ መቆንጠጫው የስፒከሩን ጫፍ ሾርት ያደርገዋል፤ አምፕሊፋየሩ ወዲያው ይሞታል። መፍትሔው ሁለት ፕሮብ በሁለቱ ጫፎች ላይ አድርጎ አንዱን ቻናል ከሌላው መቀነስ ነው። መቆንጠጫዎቹ አምፕሊፋየሩ ግራውንድ ላይ ይሁኑ። ባትሪ ላይ የሚሠራው ትንሹ ዲኤስኦ138 እዚህ ይጠቅማል፤ ከምድር ጋር ስላልተያያዘ በሁለቱ ጫፎች መሃል በቀጥታ ሊገባ ይችላል። የሚችለው እስከ 50 ቮልት ጫፍ ነውና ከዚያ በላይ አትስጡት። ባለ ቱቦ አምፕሊፋየር ላይ ደግሞ መቶዎች ቮልት አሉ። ልምድ የሌለው ሰው ብቻውን አይክፈተው።

ያገለገለ አናሎግ ስትገዙ

ከመርካቶም ይሁን ከውጭ ዘመድ ቢልክላችሁ ሳታበሩ አትክፈሉ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባውን እዩ። አብዛኞቹ የቮልት መምረጫ አላቸው። ወደ 220 ወይም 230 ካልዞረ አትሰኩት፤ ሲዞር ፊውዙም አብሮ መቀየር አለበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ይሙቅ። መስመሩ ቀጭንና ጥርት ያለ መሆን አለበት፤ ብርሃኑን ከፍ ስታደርጉት ብቻ የሚታይ ከሆነ ቱቦው ደክሟል። ፊቱ ላይ ካል የሚል ትንሽ ጫፍ አለ፤ በብዙዎቹ 1 ኪሎ ኸርዝ ስኩዌር ሞገድ ይሰጣል። ፕሮቡን እሱ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱንም ቻናሎች ሞክሩ። እያንዳንዱን ማዞሪያ አንድ በአንድ አዙሩ። መስመሩ ሲዘልና ሲጠፋ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ዝገት ስለሆነ በማጽጃ ይድናል፤ ለዋጋ መከራከሪያ ግን ይሆናል። በመጨረሻ ኤክስ-ዋይ ላይ አድርጉትና ከስልካችሁ ስቴሪዮ ሙዚቃ ልቀቁበት። ሥዕሉ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከተንቀሳቀሰ ለድምፅ የሚያስፈልጋችሁ ክፍል ጤነኛ ነው።